ሕመምሽ ከአሥር ስንት ነው?

ነርሷ በገባች ቁጥር ትጠይቀኛለች። «ሕመምሽ ከአሥር ስንት ነው?» እኔም «ሁለት» እላለሁ። አፌ ከዳር እስከ ዳር ቆስሎ፣ ምራቄን መዋጥ አቅቶኝ ሳህን ላይ እየተፋሁ፣ ሁለት!

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ሉኪሚያ የሚሉት የደም ካንሰር እንዳለብኝ የታወቀው አዲስ አበባ ነው፤ ኪሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒትም ጀምሬ በሽታው ጋብ ብሎልኝ ነበር። ተመልሶ እንዳይመጣ ግን ከሰው የተለገሰ ስቴም ሴል፣ ማለትም መቅኔ ውስጥ ሆኖ ደም የሚሠራ ሴል፣ ያስፈልግሻል ተባልኩ። ለዚህ ህንድ፣ ዴልሂ ሄድኩ። ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም። ያየው ያውቀዋል።

የአንድ ወንድም ወይም እህት ሴል ከታማሚው ጋር ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። እኔ ሦስት አሉኝ፤ የገጠመው ታናሽ ወንድሜ ሆነ። ሴሉ ወደ ደሙ እንዲወጣ ለቀናት መርፌ ተወጋ። ከዚያ ደሙ ከአንድ ክንዱ ወጥቶ ማሽኑ ሴሉን ይለያል፣ ቀሪው በሌላኛው ክንዱ ይመለሳል። ሰዓታት ፈጀ። ሲነሳ መጀመሪያ የጠየቀው ምሳ ነው።

እኔ በዚያን ጊዜ የራሴን መቅኔ የሚያጠፋውን፣ አፌንም ያቆሰለውን ከባድ ኪሞ ጨርሻለሁ። «ቀን ዜሮ» የሚሉት ዕለት ደም የምትመስል ትንሽ ከረጢት ሰቀሉልኝ፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አለቀች። «በቃ?» አልኩ። የዋህነቴ! አዲሱ ሴል መቅኔ ውስጥ ገብቶ ሥራ እስኪጀምር ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ ከጀርም የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል የለሽም ማለት ነው።

በዘጠነኛው ቀን ሌሊት ብርድ ብርድ አለኝ። ደወሉ እጄ ሥር ነው። ልጅቷ ደክሟታል፣ ይንጋ፣ ብዬ ተውኩት። እማዬ ያሳደገችን እንደዚያ ነው፤ ሰው አታስቸግሩ። ነርሷ ለዙሯ ስትመጣ ትኩሳቴ 38.6 ነበር። ወዲያው ክፍሉ ሰው ሞላበት። ደም ተቀዳ፣ አንቲባዮቲክ ተሰቀለ። ጠዋት ሐኪሙ በአስተርጓሚው በኩል «በዚህ ሁኔታ ላይ መድኃኒቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ስንት ሰዓት ጠበቅሽ?» አለኝ።

«ሁለት» አልኩ። ይቺኛዋ ሁለት እንኳን እውነት ነበረች።

የዚያኑ ዕለት አስተርጓሚውን ያዝኩት። ለካ «እንዴት አደርሽ» ሲሉኝ «ይመስገን» እላለሁ፣ እሱም «ደህና ናት» ብሎ ያስተላልፋል። ምን ያድርግ፣ ቋንቋችን ነው። «ከዛሬ ጀምሮ ይመስገን ስል ደህና ናት እንዳትል፤ ምኗን እንዳመማት ጠይቋት በላቸው» አልኩት። ነርሷ ስትመጣ «ስምንት» አልኩ። ሞርፊን ሰጡኝ። በሳምንት ውስጥ የመጀመሪያዬን እንቅልፍ ተኛሁ።

ሌላው ሥራ አሰልቺ ነው። በጨው ውኃ አፍ መጉመጥመጥ፣ ቢያምም ባያምም። ግሉኮስ የተሰቀለበትን ብረት እየጎተትኩ ከአልጋ እስከ መስኮት መመላለስ፤ አሥራ አንድ እርምጃ ናት። አዲሱ ሴል እንዳያጠቃኝ የምወስደውን ሳይክሎስፖሪን የሚባል መድኃኒት ጠዋት ለምርመራ ደም ሳይቀዳ አለመዋጥ። አንዴ ረስቼ ዋጥኩና መጠኑን መለካት ሳይቻል ቀረ። በ17ኛው ቀን ኒውትሮፊል የሚሉት ነጭ ሴል 500 አለፈ። ወንድሜ በስልክ «ሴሌ ሥራ ጀመረ» ብሎ ፎከረብኝ።

ከዚያ መዳፌ ቀላ፣ አሳከከኝ። የሳሙናው ነው ብዬ ልተወው ነበር። ግን ደወልኩ። የሳሙናው አልነበረም፤ የወንድሜ ሴል ቆዳዬን እንደ ባዕድ አይቶ ማጥቃት ጀምሮ ነው። ቶሎ ስለተያዘ በስቴሮይድ በረደ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ከሆስፒታል ወጣሁ፤ መቶው ቀን እስኪያልፍ ግን እዚያው አካባቢ ቤት ተከራይተን ከረምን። አሁን የደም ዓይነቴ ከኦ ወደ ኤ ተቀይሯል፤ የወንድሜ ነው። የደም ሴሎቼም በምርመራ የወንድ ሆነው ይታያሉ። ሰፈር ውስጥ ይህን ስናገር የሚያምነኝ የለም።

ቱሉ ዲምቱ ስመለስ ነው ሌላው ፈተና የጀመረው። ግንባታው፣ አቧራው። አቧራ የሚያነሳው ሻጋታ እንደኔ ላለ ሳንባ አደገኛ ስለሆነ መስኮት አይከፈትም፣ ያለ ማስክ ደረጃ አልወርድም። ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ የምጠጣው ይፈላል። ይሄ ሁሉ ይለመዳል። ጠያቂ ግን እንዴት ይከለከላል? አንድ ቅዳሜ አጎቴ ከደብረ ብርሃን መጡ። በር ላይ ቆመው ያነጥሳሉ።

«ጋሼ፣ ጉንፋን ይዞዎታል። ዛሬ አይግቡብኝ።»

«ከደብረ ብርሃን ድረስ መጥቼ?»

ደረጃው ላይ ወንበር አወጣንላቸው፣ ከውስጥ እየጮህኩ አጫወትኳቸው። ፊታቸው አልተፈታም። ያመጡልኝን ማር በሩ ጋ አስቀምጠው ሄዱ። ሁለት ሳምንት ሆነ፣ አልደወሉም። ማሩን እማዬ ወሰደችው፤ ለኔ ጥሬ ማር ገና አልተፈቀደልኝም። ይህንን ግን ለጋሼ እንዴት ብዬ እነግራቸዋለሁ? «ጣፋጭ ነው» ብያቸዋለሁ በቴክስት።