የታሪክ ምሩቅ ቀጠርኩ ልል ነበር

ትንሽ የአስመጪ ድርጅት አለችኝ። ለመጋዘኑ የሰነድ ሠራተኛ ስንፈልግ መጀመሪያ «አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት ወይም ተዛማጅ የትምህርት መስክ፣ ዜሮ ዓመት» ብዬ ማስታወቂያ አወጣሁ። ሲቪ ጎረፈ፤ ሁሉም አንድ ቤት የተጻፈ ይመስላል። «ተዛማጅ» የምትለው ቃል ማንንም አታስገባም። ታሪክ ያጠና ልጅ አንብቧት ያልፋል። በሁለተኛው ላይ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ አማርኛ ብዬ በስማቸው ጠራኋቸው። መጡ።

ፈተናው ቀላል ነበር። የተደባለቁ 40 ደረሰኞች በቀን መደርደር። ብዙዎቹ ቶሎ ጨረሱ። አንዲት የታሪክ ምሩቅ ግን ሁለት ደረሰኝ ጎን ለጎን አድርጋ ቆየች። አንዱ በእጅ የተጻፈ፣ 3/7/2016። ሌላው የማሽን፣ 12/03/2024። «እነዚህ እኮ የአንድ ቀን ናቸው፤ አንዱ በእኛ፣ አንዱ በፈረንጅ» አለችኝ። ሌሎቹ ስምንት ዓመት አራርቀዋቸዋል። እዚያው ወሰንኩ።

ከዚያ ዋስ መጣ።

ቅጹን ከሌላ ድርጅት የገለበጥኩት እኔው ነኝ። ዋሱ አዲስ አበባ የሚሠራ፣ ደመወዙ ከእሷ የማያንስ፣ ለሌላ ሰው ዋስ ያልሆነ። ልጅቷ የወሎ ልጅ ናት። እዚህ ያሏት ሦስት የዶርም ጓደኞቿ ናቸው፤ እነሱም ሥራ ፈላጊ። በስንት ልመና አንድ የሩቅ ዘመድ ተገኘ፣ የመንግሥት ሠራተኛ። ደብዳቤ የሚፈርመው ኃላፊ «ስብሰባ ላይ ነው»። በማግስቱ «መስክ ወጥቷል»። ሳምንት አለፈ። ደብዳቤው ሲመጣ ደመወዝ አልተጠቀሰበትም፤ መለስኩት። አዎ፣ እኔ። ተስተካክሎ ሲመጣ ደግሞ የኛው ፋይናንስ ኃላፊ «ማኅተሙ ፊርማው ላይ አላረፈም» አለ፤ ዝም አልኩት። ደረሰኝ የምትደረድር ልጅ ምን ይዛ ትጠፋለች? ካርቶን?

በአራተኛው ሳምንት «በቃ ነይ» ልላት ደወልኩ። «ጋሼ፣ አገር ቤት ገብቻለሁ። የቤት ኪራዩን አልቻልኩትም» አለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ዋስ አልጠይቅም። ፋይናንሱ እንዳኮረፈ ነው፤ ያኩርፍ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ እስከ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል፤ ሰው ለማወቅ ይበቃኛል። ኦሪጅናል ዲግሪ አምጡ ማለትም ትቻለሁ። ወጪ መጋራቱን ያልከፈለ ልጅ ከየት ያመጣዋል? ቴምፖራሪው ይበቃል። ውጤትም ብዙ አላይም፤ ደረሰኞቹን ነው የማስደረድረው።

በእሷ ቦታ የጂኦግራፊ ምሩቅ ቀጠርኩ። ጎበዝ ነው፣ አልዋሽም። ሁለቱን ደረሰኞች ግን እሱም ስምንት ዓመት አራርቋቸው ነበር።