ለሩጫ የምትሆን ሰዓት ፍለጋ፦ የ11 ወር ማስታወሻዬ

ሩጫ የጀመርኩት ጥር ላይ፣ ከጥምቀት ማግስት ነው። ያኔ መስቀል አደባባይ ደረጃዎቹን አንዴ ወጥቼ ወርጄ ቁጭ እል ነበር። አሁን 10 ኪሎ ሜትር በ62 ደቂቃ እጨርሳለሁ። ፈጣን አይደለሁም፣ እሱን እንተወው። የምጽፍላችሁ ስለ ሰዓት ነው። እሁድ እሁድ "ያሰርሻት ምንድን ናት? ስንት ገዛሻት?" የሚለኝ ሰው በዝቷል፣ እኔ ደግሞ እሷ ላይ እስክደርስ ብዙ ተንከራትቻለሁ።

የመጀመሪያዋን ሰፈር ካለ ሱቅ ነው የገዛኋት። ስክሪኗ ቦግ ያለ ነው። የልብ ምት አላት፣ ኦክስጅን አላት፣ የደም ግፊት ሳይቀር እለካለሁ ትላለች። "ጂፒኤስ አለው?" ስለው ልጁ ቀና እንኳ ሳይል "ሙሉ ነው!" አለኝ። ሁለት ሳምንት በደስታ ሮጥኩባት። አንድ ጠዋት ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ቤት ትቼው ወጣሁ። ሁልጊዜ 6 ኪሎ ሜትር የምትለኝ መንገድ ያን ቀን 7.8 ሆነች። ካርታም የለም። ለካ እስከዛሬ የምትጠቀመው የስልኬን ጂፒኤስ ነው፤ ስልኩ ሲቀር እርምጃዬን ቆጥራ በግምት ታባዛለች። ኮኔክትድ ጂፒኤስ ይሉታል። ማጭበርበርም አይደለም፣ ካርቶኑ ላይ በደቃቁ ተጽፏል፣ ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ሆናችሁ ሰው አትጠይቁ፣ ሰዓቷን ጠይቋት። የስልካችሁን ብሉቱዝ አጥፉ፣ ሰዓቷን ይዛችሁ ደጅ ውጡ፣ ሩጫ የሚለውን ክፈቱ። የራሷ ጂፒኤስ ያላት ከሆነች ሳተላይት እየፈለግኩ ነው ብላ ታስጠብቃችኋለች። ሳትጠብቅ ወዲያው "ጀምሪ" ያለቻችሁን መልሱላቸው።

ከዚያ እስከ ሰኔ በስልክ ሮጥኩ። እውነቱን ለመናገር የስልክ ጂፒኤስ ምንም አይወጣለትም። ችግሩ ስልኩ ነው። ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ስልክ በእጅ ይዞ ጨለማ ውስጥ መሮጥ ራሱን የቻለ ጭንቀት ነው፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ በፌስታል እየጠቀለልኩ ነበር የምወጣው።

ሐምሌ ላይ ጓደኛዬ ውድ ሰዓቷን አዋሰችኝ። ካርታ አለው፣ ሙዚቃ አለው፣ "ትናንት በደንብ አልተኛሽም" ብሎ ይቆጣል። እንጦጦ ጫካ ውስጥ 5ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ዝናቡ ወረደ። ሰዓቱ ሙሉ በሙሉ በንክኪ (በተች ስክሪን) የሚሠራ ነው። ጠብታው ስክሪኑን እየነካካ አንዴ ገጹን ይቀይራል፣ አንዴ ሙዚቃ ይከፍታል፣ በመጨረሻ ሩጫዬን አቆመው። እንዳላስቀጥለው ጣቴም ስክሪኑም እጅጌዬም ርሷል። የቀረውን 4 ኪሎ ሜትር ያለ ቁጥር ሮጥኩ። ያን ቀን በንክኪ ብቻ የሚሠራ ሰዓት በቃኝ አልኩ።

ምክር ያገኘሁት ካልጠበቅኩት ሰው ነው። ጃን ሜዳ አብረውን የሚሮጡ፣ ጋሼ የምንላቸው ሰው አሉ፣ በወጣትነታቸው ለክለብ ሮጠዋል። እስከዛሬ የሚያስሩት ያቺን በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1989 ጀምሮ የምትሸጠውን ቀጭኗን ካሲዮ፣ ኤፍ-91 ደብልዩን ነው። ሩጫ መቁጠሪያዋ ከ59 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ አያልፍም፣ ከዚያ ከዜሮ ይጀምራል። "ከአንድ ሰዓት በላይ መሮጤን ማን ያውቅልኛል" ብለው ይስቃሉ። ምን ልግዛ ስላቸው እንዲህ አሉኝ፦ "ልጄ፣ ስትነሺ ትጫኛለሽ፣ በየዙሩ ትጫኛለሽ፣ ስትደርሺ ትጫኛለሽ። ሳታዪ መጫን የማትችይውን ሰዓት ምን ያደርግልሻል?"

ፍለጋዬ ያኔ ጠበበ። የሚጫን ቁልፍ ያለው፣ የራሱ ጂፒኤስ ያለው፣ በፀሐይ የሚነበብ፣ መብራት ሁለት ቀን ቢጠፋ የማይሞት። ይሄን ሁሉ የሚያሟሉ ሁለት ቀሩኝ፦ የጋርሚን ፎርራነር 55 እና የኮሮስ ፔስ 2። ሁለቱም አሁን አዲስ አይባሉም፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ፔስ 2 የ2020 ነው፣ 55 የ2021። ሁለቱም ሲወጡ አሜሪካ ውስጥ 200 ዶላር አካባቢ ነበሩ። ፔስ 2 በጨርቅ ማሰሪያው 29 ግራም ብቻ ነው፣ በጂፒኤስ 30 ሰዓት ይቆያል፣ ከፍታን በአየር ግፊት የሚለካ ባሮሜትርም አለው። 55 ደግሞ 37 ግራም፣ በጂፒኤስ 20 ሰዓት፣ ባሮሜትር የለውም። በወረቀት ላይ ፔስ 2 ያሸንፋል። እኔ 55ን የመረጥኩት ለአምስት ቁልፎቹ ነው፤ ፔስ 2 አንድ ቁልፍና አንድ የሚሽከረከር ማዞሪያ ነው ያለው። ደግሞም፣ ልደብቃችሁ አልችልም፣ ለእንቁጣጣሽ ከሜሪላንድ የምትመጣው የአክስቴ ልጅ ያገለገለ ያገኘችልኝ እሱን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ምርጫ ማለት ግማሹ ማን ከየት እየመጣ ነው የሚለው ነው።

ሰዓቷ ከመጣች ወዲህ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

ሳተላይት እስክትይዝ ጠብቁ። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከእኛ በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ ናቸው፤ ሰዓቷ ያለችበትን ለማወቅ ቢያንስ የአራቱን ምልክት መስማት አለባት፣ ሦስቱ ለቦታ፣ አራተኛው የራሷን ሰዓት ስህተት ለማረም። እኔ በር ላይ ሆኜ እጫንና እሮጥ ነበር፣ የመጀመሪያው 300 ሜትር ጎረቤት ጣሪያ ላይ ይሣል ነበር። አሁን ጫማዬን ሳስር አጥር ላይ አስቀምጣታለሁ። ከስልክ ጋር በየሁለት ሦስት ቀኑ አገናኟት፤ ሳተላይቶቹ የት እንደሚሆኑ የሚናገር ትንበያ ታወርዳለች። አንድ ወር ሳላገናኛት የቀረሁ ጊዜ ደቂቃዎች ቆሜ ጠበቅኩ፣ ካገናኘኋት ግን ማሰሪያዬን ሳልጨርስ ትይዛለች።

ቦታውም ወሳኝ ነው። ሰንጋ ተራ ባንኮቹ ፎቆች መሀል ስትሮጡ ምልክቱ ግድግዳ ነክቶ ስለሚመጣ መስመራችሁ አስፋልቱን እያቋረጠ ይሄዳል። ባሕር ዛፍ ውስጥ፣ በተለይ ከዝናብ በኋላ፣ ርጥብ ቅጠል ምልክቱን ያደክመዋል። ዛፎቹ መሀል እየተጠማዘዝን በሰልፍ ስንሮጥ ደግሞ ሰዓቷ ጥምዙን ቆርጣ ታሳጥራለች። ጫካ ውስጥ እኔ የምቆጥረው ደቂቃ ነው እንጂ ኪሎ ሜትር አይደለም። የዳገቱንም ቁጥር አላምነውም፣ ባሮሜትር የለማ።

ፍጥነት ላይ አንድ ነገር። ወዲያውኑ የሚታየው ፔስ (አንድ ኪሎ ሜትር በስንት ደቂቃ እንደምሮጥ የሚናገረው ቁጥር) እብድ ነው። ሳልለውጥ እየሮጥኩ 5:20 ይለኛል፣ ዞር ብዬ ሳይ 7:05። ያንን ገጽ አጠፋሁት። የዙር ፔስ የሚለውን አደረግኩ፣ በየ1 ኪሎ ሜትሩ ራሱ እየዘጋ አማካዩን ያሳየኛል። ከዚህ በኋላ ነው አሯሯጤ የተስተካከለው፣ በፊት ቁጥሩን እያባረርኩ ነበር የምደክመው።

ስለ ቪኦቱ ማክስም፣ ማለትም ሰውነታችን ስንሮጥ ቢበዛ ስንት ኦክስጅን መጠቀም እንደሚችል ስለሚናገረው ቁጥር፣ የሚጨነቁ አይቻለሁ። ሰዓቷ የእኔን "ደካማ" ትለው ነበር፣ አሁን "መካከለኛ" ሆኗል። ግምቱ የሚሠራው ከፔስና ከልብ ምት ነው፤ እኛ ያለነው 2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው፣ በዚያው የልብ ምት ባሕር ዳርቻ ካለ ሰው ቀርፋፋ መሆናችን አይቀርም። የእጅ ላይ የልብ ምቱም ቢሆን በጠዋት ብርድ፣ ማሰሪያው ሲላላ፣ ልቤን ትቶ እርምጃዬን ይቆጥራል። በቀስታ እየሮጥኩ 172 ሲለኝ አንድ ጣት ከፍ አድርጌ ጠበቅ አደርጋታለሁ፣ ይወርዳል።

ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫን ሮጥኩ። የተበላሸሁት እዚያ ነው። የውድድር መንገድ ላይ 10 ኪሎ ሜትር የሚለካው በአጭሩ መስመር ነው፣ ጥግ ጥጉን ይዞ። እኔ ደግሞ በዚያ ሕዝብ መሀል ጨፋሪ እየዞርኩ፣ ውኃ ፍለጋ ግራ ቀኝ እየሄድኩ ነው። ሰዓቷ 9.7 ስትል ያለኝን ሁሉ አውጥቼ ተፈተለክሁ። 10 ብላ ነዘረች። ቀና ስል የመድረሻው ቅስት የለም። ሰው ብቻ። ገና 340 ሜትር ይቀረኝ ነበር፣ እግሬ ግን አልቋል፣ አንዲት ቱታዋን ወገቧ ላይ ያሰረች እናት እየሳቀች "አይዞሽ የኔ ልጅ" ብላ አለፈችኝ። ሰዓቷ አልዋሸችም፣ የሮጥኩትን ነው የነገረችኝ። ለሚቀጥለው ግን ራሱ የሚዘጋውን ዙር አጠፋና በየኪሎ ሜትሩ ምልክት ላይ በእጄ እጫናለሁ፣ ልክ እንደ ጋሼ።

ለሚጠይቁኝ፦ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ልታደርጓት አትልፉ። ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መልሻት ነበር፣ ሳተላይት ስትይዝ መልሳ ወደ ፈረንጅ ሰዓት ወሰደችው። 05:30 ሲል 11 ሰዓት ተኩል ነው፣ ይለመዳል።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ቀርቷል፣ ቻርጀሩ። ገመዱ የጋርሚን ብቻ ነው፣ የስልክ ገመድ አይገባም፣ ባለፈው ሳምንት ጫፉ ጋ መላጥ ጀምሯል። በፕላስተር ጠቅልዬዋለሁ። ለገና ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ፣ ሁለት የ55 ገመድ አስመጡልኝ፣ አንዱን ለእናንተ።