ዝም ያለው ግሩፕ

የቴሌግራም ግሩፓችን 34 ሰው አለው። ጠዋት ጠዋት የአበባ ፎቶ ከ"እንዴት አደራችሁ" ጋር ይለጠፋል፣ አራት ሰው ላይክ ያደርጋል፣ አለቀ። ዛሬ ግን ሰለቸኝ። የተለመደውን "ሐሳባችሁን አካፍሉን" ትቼ "በቅርቡ ሐሳባችሁን የቀየራችሁበት አንድ ነገር ምንድነው?" አልኩ። የራሴንም አስቀድሜ ጻፍኩ።

ለ40 ደቂቃ ማንም ትንፍሽ አላለም። ልሰርዘው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ከዚያ "እየጻፈች ነው..." የሚለው ብቅ አለ። ጠፋ። ደግሞ ብቅ አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ጽፋ የማታውቅ አባል ናት። ስለ እናቷ ስድስት መስመር ጻፈች (ዝርዝሩ እዚያው ግሩፑ ውስጥ ይቅር)። የአውራ ጣት ምልክት ለጥፌ ከማለፍ "ከዚያስ ምን አለችሽ?" አልኳት። መለሰች። ሌላው ገባበት፣ ሌላውም ተከተለ፣ ሳናውቀው መሸ።

ያኮብ ኒልሰን የተባለ የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያ በ2006 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ በአብዛኞቹ የኦንላይን ስብስቦች ከ100 ሰው 90ው አንባቢ ብቻ ነው። እኔ እነዚህን ሰዎች እንደሌሉ ነበር የምቆጥራቸው። ለካ የምጠይቀው ጥያቄ ራሱ መልስ የሚጋብዝ አልነበረም።

የአበባው ፎቶ እንደሆነ ነገም መምጣቱ አይቀርም።