ኦባማ ከበላበት ቤት ሳይበሉ የወጡ እናት

ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ የሚነዳ ሐበሻ በቀን ስንት ጊዜ «የት ልብላ?» እንደሚባል ቆጥሬው አላውቅም። ከኤርፖርት የመጣው ሻንጣውን ሳያወርድ ይጠይቃል። ለስብሰባ የመጣው ይጠይቃል። ልጁን ዩኒቨርሲቲ ሊያስገባ የመጣ አባትም ይጠይቃል። ስልካቸው ላይ ዝርዝሩም ኮከቡም ፎቶውም አለ። ግን «ሹፌር ያውቃል» የሚል እምነት አለ፤ እውነትም እናውቃለን፣ ምክንያቱም መኪና የሚቆምበት፣ ሽንት ቤት የማይከለከልበትና ቶሎ በልተህ የምትወጣበት ቤት የቱ እንደሆነ ከእኛ በላይ ያጠና የለም።

የእኔ መልስ ለዓመታት ያው ነበር። ዩ ስትሪት ላይ ቤንስ ቺሊ ቦውል፣ ዋይት ሐውስ አጠገብ ኦልድ ኢቢት ግሪል፣ ሜይን አቬኑ ላይ ደግሞ ዓሣ ገበያው። ሦስቱም ታሪክ አላቸው (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። ቤንስን በ1958 የከፈቱት ከትሪኒዳድ የመጣው ቤን አሊና ባለቤቱ ቨርጂኒያ ናቸው። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ተገድሎ ሰፈሩ ሲነድ በሩን ሳይዘጋ ያበላ ቤት ነው። ኢቢት ቦታ ቢቀያይርም መነሻው 1856 ነው። ዓሣ ገበያው ከ1805 ጀምሮ አለ፤ አሜሪካ ውስጥ ሳይቋረጡ ከሠሩት የደጅ ዓሣ ገበያዎች አንጋፋው ነው።

መልሱን ያስቀየሩኝ አንዲት የባሕር ዳር እናት ናቸው።

ቅዳሜ ነበር፣ ጾምም አልነበረም። ልጃቸው በሰዓት ተነጋግራ ያዘችኝ። በልጅነቷ ከአክስቷ ጋር መጥታ እዚሁ ያደገች ልጅ ናት። እናቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አሜሪካን ሊያዩ መጥተዋል፣ እሷም ሥራ በዝቶባት ይህን አንድ ቀን ነው ያገኘችው፣ ስለዚህ ከተማው የሚታወቅበትን ምግብ ሁሉ በአንድ ቀን ልታቀምሳቸው ቆርጣለች። ዝርዝሯን ስታነብልኝ ሳቄ መጣ። የእኔው ሦስት ቤቶች ናቸው።

«እናቴ፣ ሐበሻ ቤት አይሻልዎትም?» አልኩ፣ በመስታወት እያየኋቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉና፣

«ልጄ፣ ሽሮ ልበላ ነው ባሕር ተሻግሬ የመጣሁት?» አሉ።

በቃ፣ ዝም ብዬ ነዳሁ።

ቤንስ ደረስን። ልጅቷ ገና ከመግባታችን፣ ኦባማ በጥር 2009፣ ቃለ መሐላ ሊፈጽም ቀናት ሲቀሩት እዚህ መጥቶ እንደበላ ነገረቻቸው። ደስ አላቸው። «ምን በላ?» አሉ። ሃፍ ስሞክ የሚሉት ቋሊማ እንደሆነ ነገረቻቸው፤ ላዩ ላይ ሰናፍጭ፣ ሽንኩርትና ቺሊ የሚሉት በርበሬ ያለበት የሥጋ ወጥ ይደረግበታል። «የምን ሥጋ ነው?» ሲሉ ግን ልጅቷ እኔን ማየት ጀመረች።

ግማሹ የበሬ፣ ግማሹ የአሳማ ነው አልኩ። ምን ልበል?

«ግማሹ አሳማ ከሆነ ሙሉው አሳማ ነው» አሉ እናት።

ልጅቷ አልተሸነፈችም። ሥጋ የሌለበት ቺሊም እኮ አለ፣ እውነቷን ነው፣ አለ። እናት ግን ዓይናቸውን ሲጠበስ ወደሚታየው ብረት ምጣድ ወርውረው «ምጣዱ አንድ ነው» ብለው ጨረሱት። ቤን አሊ ራሱ ሙስሊም ስለነበር የአሳማውን ቋሊማ አይቀምስም ነበር እንደሚባል ስነግራቸው «ጎበዝ» አሉ። ውጭ ግድግዳው ላይ ከተሳለው የኦባማ ሥዕል ጋር ፎቶ ተነሡና ሄድን።

ኢቢት ውስጥ እኔ አልገባሁም፣ ልጅቷ ናት ኋላ የነገረችኝ። ቀድማ ጠረጴዛ ይዛ ነበር። ቤቱ ያምራል፣ አስተናጋጆቹ ጨዋ ናቸው፣ እናትም ወደውታል። ችግሩ የመጣው ቤቱ የታወቀበትን ኦይስተር፣ በዛጎል ውስጥ ያለውን የባሕር እንስሳ፣ ስታዝላቸው ነው። በበረዶ ላይ የተደረደረ ዛጎል መጣ። «ድንጋይ ነው እንዴ?» አሉ። ልጅቷ ከፍታ አሳየቻቸው። ጥሬ ነው። ልብ በሉ፣ እኚህ እናት ጥሬ ሥጋ ቢቀርብላቸው ዓይናቸውን አያሹም። ግን ይሄ «ክንፍም ቅርፊትም የለውም» ሆነ፣ ኦሪት ዘሌዋውያን ተጠቀሰ፣ ልጅቷም ቁራሽ ዳቦ በቅቤ አብልታቸው ከፍላ ወጣች። መኪና ውስጥ ሲገቡ ፊቷ ደም መስሏል።

እዚህ ላይ ልጅቷን መውቀስ ቀላል ነው። እኔ አልወቅሳትም። እናቷ አሳማ እንደማይበሉ ታውቃለች፣ «ሌላ ሌላውን እናዛለን» ብላ ነው ያሰበችው፣ እዚህ ያደገ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው። ምጣዱና ዘይቱም እንደሚቆጠር ማን ይንገራት? ዓሣ ገበያ ስንደርስም ያው ሆነ። መጀመሪያ ያየነው በቅርጫት የሚርመሰመስ ሰማያዊ ሸርጣን ነው፤ በኦልድ ቤይ ቅመም በእንፋሎት ቀቅለው በደርዘን ይሸጡታል። የአካባቢው ሰው ለዚህ ይሞታል። እናት ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ።

ከዚያ ግን ሁሉም ነገር ተገለበጠ።

ቀጥሎ ያለው በረዶ ላይ ዓሣ ተደርድሯል። እኚህ ሴት የጣና ዳር ልጅ ናቸው፤ ቆሮሶ ሲገዙ፣ ቅርፊት የሌለውን አምባዛ ሲያልፉ ያደጉ። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። የአንዱን ዓይን አዩ፣ የሌላውን ጉንጭ በጣታቸው ገልጠው ቀለሙን ተመለከቱ፣ አንዱን አሽትተው መለሱት። ሻጩ መጀመሪያ ሊከለክል ብሎ ነበር፣ ኋላ ግን ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንደመጣበት ገባውና እጁን አጣጥፎ ያይ ጀመር። ካትፊሹን በእጁ ሲያሳያቸው «አምባዛ ነው፣ አልፈልግም» አሉ። በመጨረሻ ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር መስመር ያለበትን ሮክፊሽ መረጡ፤ ሜሪላንድ የግዛቱ ዓሣ ያደረገው ነው፣ ከቼሳፒክ የሚወጣ። ቅርፊቱ እንደ ሳንቲም ያበራል። ዋጋ ተከራከሩ፣ በልጃቸው አስተርጓሚነት። በፓውንድ የተጻፈ ዋጋ እዚህ አይቀነስም ብላ ብትነግራቸውም አላመኑም። ሻጩ ሲያጸዳው «ጭንቅላቱን እንዳይጥለው በይው!» ብለው ጮኹ። ለመረቅ ነው።

እዚያው አስጠብሰን እንብላ ስንል ደግሞ የሚጠበስበት ዘይት ጥያቄ መጣ። ሽሪምፑም ሸርጣኑም እዚያው ነው የሚገባው። ስለዚህ ዓሣው በበረዶ ታሽጎ ለቤት ተቀመጠ፣ እኛም በዘጠኝ ሰዓት፣ በሦስት ታዋቂ ቤት ዞረን፣ ከዚያች ቁራሽ ዳቦ በቀር ሦስታችንም ጾማችንን ነን።

ያኔ ነው የጠየቅኳቸው። የት እንሂድ አላልኩም። «እናቴ፣ የማይበሉትን ሁሉ ይንገሩኝ» አልኩ። ነገሩኝ፤ ዝርዝሩ ረጅም አልነበረም፣ ግልጽ ነው። ከዚያ ሰሜን ምሥራቅ ውስጥ እኛ ሹፌሮች የምንበላባት አንዲት ትንሽ የሶል ፉድ ቤት ይዣቸው ሄድኩ። ጥቁር አሜሪካኖች ከደቡብ ይዘውት የመጡት ምግብ ነው። ጎመን አለ፣ ያውም ሐበሻ ቤቶች እዚህ ጎመን የሚሠሩበት ያው ኮላርድ። የበቆሎ ዳቦ አለ። ባሚያ፣ ስኳር ድንች አለ። ጎመኑን በብዙ ቤት ከአሳማ ቁርጭምጭሚት ጋር ስለሚቀቅሉት ገና በሩ ላይ ሄጄ ጠየቅኩ። እዚህ በተጨሰ ተርኪ ነው የሚሠሩት። እናት «ማን አረደው?» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፣ ግን አስተናጋጇ አንገት ላይ መስቀል አዩና ተዉት።

ምን ልበላችሁ፣ በሉ! ጎመኑን ደገሙ። ሚጥሚጣ አለ ወይ ብለው አስጠየቁ፣ ሴትዮዋ ትኩስ ሶስ አምጥታ ሰጠቻቸው። እኔንም «ግባና ብላ እንጂ፣ ምን ትቆማለህ» ብለው አስቀመጡኝ።

ከዚያ ወዲህ ማንም «የት ልብላ?» ሲለኝ መጀመሪያ የማይበላውን ነው የምጠይቀው። አንዳንዱ ይገርመዋል፤ ሹፌር ምን አገባው የሚልም አለ። ግን መልሱ ሥራዬን ያቀልልኛል። አትክልት ብቻ ለሚበላ ሕንዳዊ ናይንዝ ስትሪት ያሉ ሐበሻ ቤቶች የሚሠሩትን በየዓይነቱ የሚያህል የለም። ሐላል ለሚፈልግ ወንዙን አሻግሬ ቨርጂኒያ ውስጥ ወዳለው ፎልስ ቸርች እወስደዋለሁ። አሳማም ሸርጣንም ምንም ችግር የሌለበት ሰው ከሆነ፣ የድሮው ዝርዝሬ አሁንም ይሠራል፤ ኦይስተር ለሚወድ ሰው ኢቢትን አልነፍገውም። ጊዜ ያለውን ደግሞ ኤደን ሴንተር አደርሰዋለሁ፤ ከ100 በላይ የቬትናም ሱቅና ምግብ ቤት በአንድ ግቢ ነው፣ ዝናብ ሲሆን ፎ የሚባለው የሥጋ መረቃቸው ጉንፋን ያስረሳል።

ታሪኩን ኤርፖርት ወረፋ ስንጠብቅ ለጓደኞቼ ነግሬያቸው ነበር። ስለ ሴትየዋ የጠየቀኝ የለም። ክርክሩ አምባዛ ላይ ሆነ። አንዱ የዝዋይ ልጅ «ቅርፊት የለውም፣ አይበላም» ሲል፣ ሌላው «አንተ ባለፈው ሳምንት ካትፊሽ ሳንድዊች ስትገምጥ አይቼሃለሁ» አለው። «ያ ዱቄት ነበረበት» አለ የዝዋዩ።