ቀርቶ የመጣ ልጅ

"ተማሪ ለምን ይቀራል?" የሚለው ጥያቄ መምህራን ማረፊያ ክፍላችን ውስጥ ሲነሳ መልሱ ቶሎ ይገኛል። የዘንድሮ ልጅ ሰነፍ ነው ይባላል። ቀጥሎ ቲክቶክ ይወቀሳል፣ ከዚያ ወላጅ። ደወል ይደወላል፣ ጠመኔያችንን ይዘን እንበተናለን። ሰሞኑን ይሄ ወሬ ሲደጋገም ከውስጤ አልወጣ አለኝ። ሰነፍ ልጅ የለም አልልም። ግን የማውቃቸውን ቀሪዎች አንድ በአንድ ሳስባቸው፣ ከስንፍና በፊት የሚመጣ ብዙ ነገር አገኛለሁ።

ማስተማር የጀመርኩት ምስራቅ ጎጃም፣ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ማን መቼ እንደሚቀር አስቀድሞ ይታወቃል። መስከረም ላይ ትምህርት ይከፈታል፣ መስቀል ሳያልፍ ግን ክፍሉ አይሞላም። ጥቅምት ትንሽ ደህና ነው። ህዳር ሲገባ የጤፍ አጨዳ ይደርሳል። ጎረምሶቹ ማጭድ ይይዛሉ፣ ትንንሾቹ ከብት ያግዳሉ፣ ሴቶቹ ለአጫጅ ምግብና ጠላ ያደርሳሉ። ታህሳስ ውቂያ ነው። ጥር ሰርግ ነው። በየሳምንቱ ደግሞ ገበያ አለ።

አንድ ነገር ግን ገና በመጀመሪያው ዓመት አስገረመኝ። በአጨዳ ወር ክፍሌ ጢም ብሎ የሚሞላው በበዓል ቀን ነበር። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 ባለእግዚአብሔር። በእነዚህ ቀናት ማጭድ አይነሳም፣ በሬ አይጠመድም። ልጆቹ ጠዋት ቤተክርስቲያን ስመው፣ ንጹህ ልብሳቸውን እንደለበሱ ክፍል ይገባሉ። ስለዚህ ጠንከር ያለውን ትምህርት ለእነዚያ ቀናት ማስቀመጥ ለመድኩ። ክፍልፋይ የማስተምረው በማርያም ነበር። ሰነፍ ልጅ በእረፍት ቀኑ ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ ተጉዞ ሂሳብ ሊማር አይመጣም። ያስቀረው ስራው ነው። ስራው ሲለቀው መጣ።

አዲስ አበባ ስመጣ ምክንያቱ ተቀየረ እንጂ መቅረቱ አልቀረም። እዚህ ልጅ የሚቀረው ታናሹን የሚጠብቅለት ሰው ሲጠፋ ነው። ኪራይ ጨምሮ ቤተሰቡ ሰፈር ሲለቅ ነው። ከፒያሳና ከካዛንቺስ ተነስተው ወደ ከተማው ዳር የገቡ ቤተሰቦች አሉ። ልጆቻቸው የድሮ ትምህርት ቤታቸውን ሳይለቁ የቆዩ እንደሆነ፣ ጠዋት ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ናቸው። አንድ ነገር ግን በእርግጥ ተሻሽሏል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በከተማው የመንግስት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ፣ ዩኒፎርምና ደብተር በነጻ ይሰጣል። ከዚያ በፊት ልጆች ሦስተኛ ፔሬድ ሳይደርስ ዴስክ ላይ ይደፉ እንደነበር ነባር ባልደረቦቼ ይነግሩኛል። ዛሬ በርሃብ የሚቀር ልጅ ከስንት አንዴ ነው የሚያጋጥመኝ። እንዲያውም ለቁርሱ ብሎ ማልዶ የሚመጣ አለ፣ ደስ ይለኛል። ሆዱ ሲጠግብ እርሳስ ማንሳቱ አይቀርም።

ሴቶቹ ልጆች በየወሩ ለጥቂት ቀናት ይጠፋሉ። ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አይናገርም። የመጸዳጃ ቤቱ በር መቆለፊያ የለውም፣ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ ሞዴስ ደግሞ ተወዷል። በዚህ ሁኔታ ልጅቷ ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ ሙሉ ቀን ከመሳቀቅ እቤት መዋልን ብትመርጥ ምን ይፈረድባታል? አንድ በርና አንድ በርሜል ውሃ ስንት የትምህርት ቀን እንደሚያድን በጀት የሚይዙ ሰዎች ቢያስቡት እላለሁ።

ከሁሉም በላይ ልቤን የሚነኩት ግን የማታ ተማሪዎቼ ናቸው።

አብዛኞቹ የቤት ሰራተኞች ናቸው። ከወሎ፣ ከጎንደር፣ ከጅማ፣ ከወላይታ የመጡ ልጆች። አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ክፍል መገኘት አለባቸው። የሚመጡት ግን እራት ሰርተው፣ ልጅ አጥበው፣ እየሮጡ ነው። ሽንኩርት የሚሸት እጃቸውን እጅጌያቸው ውስጥ ሸሸግ አድርገው ይቀመጣሉ። ደክሟቸው እንኳን እንቅልፍ እንዳይወስዳቸው ይታገላሉ። እንዲህ የሚታገል ተማሪ በቀኑ ክፍለ ጊዜ ብዙ አላየሁም።

እነሱ የሚቀሩበት ምክንያት ያለው ሌላ ሰው ቤት ውስጥ ነው። "ትናንት የት ነበርሽ?" ስላት "ቲቸር፣ እትዬ እንግዳ ነበረባቸው" ትለኛለች። ሌላ ቀን "ጋሼ አምሽተው ገቡ፣ ልጁን የምተውለት ሰው አጣሁ።" ማህበሩ፣ ክርስትናው፣ ልደቱ፣ ለቅሶው ሁሉ ከእሷ የትምህርት ሰዓት ላይ ነው የሚቀነሰው። ለገናና ለፋሲካ ሽንኩርት መከተፍ ሲጀመር የማታው ክፍል ይራቆታል።

አንዷ ተማሪዬ ደብተር አያያዟ ለየት ይላል። በቀረችበት ቀን ፈንታ አንድ ገጽ ባዶ ትተዋለች። ከላይ ቀኑን ብቻ ትጽፋለች። በኋላ ከጓደኛዋ ገልብጣ ልትሞላው ነው። ሳርመው አንዳንዱ ገጽ በሌላ ቀለም ተሞልቷል። አንዳንዱ እስከ ዛሬ ቀኑ ብቻ አለበት። ባዶዎቹ ገጾች አብዛኞቹ ቅዳሜና እሁድን ተጠግተው ነው የሚገኙት፤ ሰኞና አርብ። እንግዳ የሚበዛባቸው ቀናት ናቸው።

ለአሰሪዎች ደውዬ አውቃለሁ። አብዛኞቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። "ውይ ቲቸር፣ አንድ ቀን ብትቀር ምን አለበት ብዬ እኮ ነው" ይሉኛል። ከልባቸው ነው። ቤታችሁ የማታ ተማሪ ያለች ሰዎች ይሄን የምታነቡ ከሆነ እለምናችኋለሁ፦ እንግዳውን ያን ቀን ራሳችሁ አስተናግዱ። ቡናው እሷ እስክትመለስ ቢቆይ የሚቀየም እንግዳ የለም።

አንድ ቀን ብትቀር ምን አለበት? ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በደንብ ልመልሰው። እኔ የማስተምረው ሂሳብ ነው። ታሪክን ከጓደኛ ደብተር ገልብጦ ማጥናት ይቻላል። ሂሳብን ግን ገልብጠህ አታገኘውም። አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛ ደምር ሲባል ሁለት አምስተኛ ብሎ ይጽፋል። ላዕሉን ከላዕሉ፣ ታህቱን ከታህቱ ደመረው ማለት ነው። አእምሮው አይሰራም ማለት አይደለም። እንዲያውም የራሱን ዘዴ ፈጥሯል። የጎደለው የጋራ ታህት የተማርንበት ሳምንት ነው። የስም መጥሪያውን ገልጬ ሳየው፣ እውነትም በዚያ ሳምንት ቀሪ ነው። ከዚያ ወዲያ አስርዮሹም፣ መቶኛውም፣ ቆይቶ የሚመጣው አልጀብራም በዚያች ሳምንት ላይ ነው የሚቆመው። ማንም ተመልሶ ካላስረዳው ስምንተኛ ክፍል ላይ "ሂሳብ አይገባኝም" የሚል ልጅ ይሆናል። የገባው የሚመስለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኔ ደደብ ነኝ የሚል።

ስለዚህ አዎ፣ ክፍል መገኘት ለውጥ ያመጣል። ግን ይሄ የሚሰራው ክፍሉ ውስጥ የሚያስተምር ሰው ካለ ነው። የእህቴ ልጅ አስራ ሁለተኛ ክፍል ናት። "አክስቴ፣ ሄጄ ምን ልሰራ? መምህሩ እኮ አንዳንዴ ነው የሚገባው። ቴሌግራም ላይ ያለፉትን ፈተናዎች ብሰራ አይሻለኝም?" አለችኝ። በ2014 ዓ.ም. የአስራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ወደ 900 ሺህ ተማሪ ተፈትኖ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነበር። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። ልጆቹ ይሄን ያውቃሉ። የተገኘውም የፎረፈውም እኩል ሲወድቅ አይተዋል። እንዲህ ላለው ሙግት ቁጣ መልስ አይሆንም። መምህር ደመወዙ ወር ስለማያደርሰው ግማሽ ቀኑን ሌላ ስራ ላይ ያሳልፋል፣ ስብሰባ ተብሎ ክፍል ይበተናል። እኛ እየቀረን ልጁን ለምን ቀረህ ማለት ይከብዳል። ለእህቴ ልጅ የነገርኳት መምህሩ የሚገባበትን ክፍለ ጊዜ እንዳታሳልፍ ነው። ሌላ ምን ልበላት?

ረጅሙን መቅረት ሳስብ ደግሞ ሆዴ ይባባል። መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጎጃም ነበርኩ። በ2013 ስንከፍት ጎበዝ ጎበዝ የነበሩ ሴቶች ልጆች ተድረው ነው የጠበቁን። አንዳንዶቹን ገበያ ላይ አገኛቸው ነበር፣ አንገታቸውን ደፍተው ያልፉኛል። ዛሬ ደግሞ በጦርነቱ የተነሳ በአማራ ክልል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ውጭ ናቸው። የትግራይ ልጆችም ከኮሮናው ጀምሮ ሦስት ዓመት ገደማ ያለ ትምህርት ቆይተዋል። እነዚህን ልጆች ቀሪ ብሎ መጻፍ አይቻልም። የቀረው ትምህርት ቤቱ ነው። ከቀድሞ ባልደረቦቼ ጋር ስንደዋወል ማን ደህና እንደሆነ ተጠያይቀን፣ ስለ ትምህርት ሳናነሳ ስልኩን እንዘጋለን።

ይሄን ሁሉ እያሰብኩ ያለሁት ግን በእጃችን ስላለው አንድ ነገር ለመናገር ነው። ጦርነቱን እኔ አላስቆምም፣ ኪራይም አላስቀንስም። ቀርቶ የመጣን ልጅ እንዴት እንደምንቀበለው ግን የእኛ ጉዳይ ነው።

አሁን የምናደርገው እንዲህ ነው። ልጁ አንድ ቀን ቀርቶ በማግስቱ ይመጣል። በር ላይ "ወላጅ ይዘህ ና" ይባላል። እናቱ ጉሊት ነጋዴ ናት። አንድ ጠዋት ጉሊቷን ከተወች የዚያ ቀን እራት የለም። ልጁ ይሄን ያውቃል፣ ስለዚህ አይነግራትም። በማግስቱ ዩኒፎርሙን ለብሶ ከቤት ይወጣል፣ ቦርሳው ውስጥ ይከተዋል፣ ፕሌይስቴሽን ቤት ይገባል። ሳምንት እንዲህ ይሄዳል። አንድ ቀን የቀረውን ልጅ ሳምንት እንዲቀር ያደረግነው እኛ ነን። በለስ ቀንቶት ክፍል ከገባም አንዱ መምህር "እንኳን ደህና መጣህ እንግዳው" ይለዋል። ክፍሉ ይስቃል። ሰሌዳው ላይ ያለው ነገር አይገባውም፣ እጁን አውጥቶ መጠየቅ ያፍራል። ነገ ደግሞ ለመቅረት ምክንያት አያጣም። እኔ እስካየሁት ድረስ ልጅ ጨርሶ ከእጃችን የሚያመልጠው በቀረበት ቀን አይደለም፤ በተመለሰበት ቀን ነው።

ባለፈው የመምህራን ስብሰባ ላይ ይሄንኑ ተናገርኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረ ልጅ ከበር አይመለስ፣ ሆም ሩሙ ለብቻው ጠርቶ ምን እንደገጠመው ይጠይቀው፣ መደጋገም ከጀመረ ወላጅ በስልክ ይጠየቅ አልኩ። ለእያንዳንዱ ልጅ አብሮት የሚቀመጥ የደብተር አጋር ይመደብለት፣ የቀረበትን የሚያሳየው። አንድ አንጋፋ መምህራችን ተቃወሙኝ። "ልጄ፣ ዲሲፕሊን አንዴ ከላላ መልሰሽ አታጠብቂውም" አሉ። አከብራቸዋለሁ፣ ስጋታቸውም ከንቱ አይደለም። በዚህ ትምህርት ቤት እሳቸው ያሳለፉትን ዘመን እኔ አላሳለፍኩም። ግን ቁጥጥር ይቅር አላልኩም። እንዲያውም የእኔ ሀሳብ ልጁን የበለጠ መከታተል ይጠይቃል፣ ምክንያቱን ማወቅ ስላለብን። በር ላይ መመለስ ቀላሉ ነገር ነው፤ ልጁን ማወቅ አይፈልግም።

ርዕሰ መምህሩ ግራ ቀኙን ሰምተው፣ እስከ መንፈቀ ዓመቱ በአንድ ሴክሽን ይሞከር ብለዋል። የእኔ ሴክሽን ነው። ዛሬ ማታ የደብተር አጋሮቹን ዝርዝር እያወጣሁ ነው። ጎበዞቹን ብቻ አልመረጥኩም። የእጅ ጽሑፉ የሚነበብ፣ ሲጠየቅ የማያመናጭቅ ልጅ ይበቃል። ሁለት ተደጋጋሚ ቀሪዎችን እርስ በርስ አላጣመርኩም፣ አንዱ ሲቀር ሌላው እንዳይባክን።

ለማታዎቹ ደግሞ እሁድ ከሰዓት አንድ ክፍለ ጊዜ ጨምሬ ክፍልፋዩን ከሥሩ እጀምርላቸዋለሁ። ባለ ባዶ ገጿ ልጅ "ቲቸር፣ እሁድ እትዬ ይፈቅዱልኝ ይሆን?" ብላኛለች። ነገ ጠዋት እደውልላቸዋለሁ።