«ልጁ» እና «ልጄ»

ጥር 19

ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተቀመጥኩና ሰፌዱን ወደ እኔ ሳብ አደረግሁት። ከምስሩ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ያላት ጠጠር አገኘሁ፣ አውጥቼ መዳፏ ላይ አኖርኩላት። ምንም አላለችም። ጠጠሯን ግን አልጣለቻትም፤ ቡና እስኪፈላ ድረስ በጣቷ ስታገላብጣት ነበር።

ቀኝ ዓይኔ ከተሠራ 41 ቀን ሆነው። ግራው ተራውን እየጠበቀ ነው፤ ለመጋቢት ቀጠሮ ተይዞልኛል። ሁለቱም ከመስተካከላቸው በፊት ይህንን መጻፍ ፈለግሁ፤ ምክንያቱም አሁን አንዱን ጨፍኜ በሌላው እያየሁ የነበርኩበትንና ያለሁበትን ማስተያየት እችላለሁ። የባለቤቴ ነጠላ በቀኝ ዓይኔ ሲታይ ነጭ ነው፣ ጥላው ላይ ሰማያዊ ነገር አለበት። በግራው ያው ነጠላ ቅቤ እንደ ነካው ጨርቅ ነው። ሦስት ዓመት ዓለምን ሁሉ ቅቤ እንደ ነካው ሳያት ኖሬ አላወቅሁም።

የዓይን ሞራ አያምም። አያቀላም፣ አያሳክክም። መጀመሪያ የመንገድ መብራቶች ማታ ማታ ዙሪያቸውን ቀለበት አበጁ። የሚመጣ መኪና መብራቱ እንደ ተበተነ ክር ሆኖ ዓይኔን ይሞላው ጀመር። ከዚያ ደግሞ ያልጠበቅሁት ነገር መጣ፤ የማንበቢያ መነጽሬን ሳላደርግ ማንበብ ቻልኩ! እግዚአብሔር በእርጅናዬ ዓይኔን መለሰልኝ ብዬ አመሰገንኩ፣ ለልጆቼም ደውዬ ነገርኳቸው። ሐኪሙ በኋላ እንዳስረዳኝ የዓይን ሌንስ እየጠጠረ ሲሄድ ብርሃን የሚሰብርበት ኃይል ስለሚጨምር የቅርቡ ለጊዜው ይጠራል፤ የሩቁ ግን ይደበዝዛል። ደስታዬ ጥቂት ወራት ቆየ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ስጽፍ አፍራለሁ። ጥፋቱን ሁሉ ከዓይኔ ውጭ ፈለግሁት። የወረቀቱ ጥራት ወረደ አልኩ። የኅትመት ቀለሙ ቀጠነ አልኩ። አምፖሉን በየወሩ አስቀየርኩ። ቤት ውስጥ የማስቀምጠውን ሳጣው ባለቤቴን ተቆጣሁ። አንድ ቀን ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አድርጌዋለሁ፣ አንቺ ነሽ ያነሳሽው ብዬ ሞገትኳት፤ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ብዬ ማልኩባት። ቁልፉ እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ቡናማው ልብስ ላይ ነበር። አንስታ በእጄ አስያዘችኝና ወደ ጓዳ ገባች። ያንን መሐላ ከዚያ ወዲህ ከአፌ አላወጣሁትም።

ሥራዬን ለማያውቅ ልንገር። 30 ዓመት አራሚ ነበርኩ፤ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ትንንሽ ሥራ ይመጣልኝ ነበር። የእኛ ፊደል ደግሞ ለአራሚ ምሕረት የለውም። ከእግሩ ጎን የምትወጣ አንዲት ጭረት፣ ወይም ከእግሩ ሥር የምትንጠለጠል አንዲት ቀለበት ናት ቃሉን የምትለውጠው። «ቤቱ» እና «ቤቴ» ሁለት ሰው ናቸው። ፊደል በደበዘዘበት ዓይን ግን ሁለቱም አንድ ጥቁር ነጥብ ይሆናሉ፤ አእምሮ ከልምዱ ተነስቶ ይገምትና ያነበበ ይመስለዋል።

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ወጣት ልጃቸውን ቀበሩ። ለአርባው የሚታደል የሕይወት ታሪክ አሳትመው ነበር፣ ያረምኩት እኔ ነኝ። እሳቸው የጻፉት «ልጄ ለሰው አዛኝ ነበር» የሚል ነው። ታትሞ የወጣው «ልጁ ለሰው አዛኝ ነበር» ነው። ዓረፍተ ነገሩ ትክክል ነው፣ ሰዋስው አይጎድለውም፤ ስለዚህ በግምት ለሚያነብ ሰው አይያዝም። ሁለት ጊዜ አንብቤው ሁለቴም አለፈኝ። ስልክ ደውለው አልተቆጡኝም። «ወንድሜ፣ ልጁ የማን ነው? የእኔ አይደለም ወይ?» ብቻ አሉኝ።

በማግስቱ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትዕግሥተኛ። ሞራ የሚለው ስም ያሳስተናል አለኝ። በግ ሲታረድ ጨጓራውን የሚሸፍነውን ነጭ ሞራ ስለምናውቅ፣ በዓይን ላይ የተጋረደ ነገር ይመስለናል፣ ተገፎ የሚወጣ። የሚነጣው ግን ከብሌኑ ጀርባ ያለው ሌንስ ራሱ ነው። ጥርት አድርጎ የያዘው ፕሮቲን በዕድሜ ይቋጠርና ይደፈርሳል። ስኳር በሽታ ያፋጥነዋል፣ መመታት ያመጣዋል፣ የስቴሮይድ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ መውሰድም እንዲሁ። የደፈረሰው በጠብታ አይጠራም፤ ይወጣና በምትኩ ሌላ ይገባል።

በጳጉሜን 3፣ በሩፋኤል ዕለት፣ ባለቤቴ ዝናቡ ሲጥል ውጭ ወጥታ በመዳፏ ውኃ ይዛ ገብታ ዓይኔን አብሳልኛለች። በጦቢት ታሪክ ልጁ የዓሣ ሐሞት ቀብቶት ከዓይኑ ላይ ነጩ ነገር ተልጦ ሲወርድ ይነበባል፤ መልአኩ ነው ያስተማረው። እኔ ያንን መዳፍ ከሐኪሙ እጅ ለይቼ አላየውም። ወደ ሐኪም ያደረሰኝን ድፍረት ከየት አገኘሁት ብዬ ስጠይቅ መልሱ እዚያ ይወስደኛል።

ሌላም ነገር ከነከነኝ። ከዓመታት በፊት አንድ የጤና ጽሑፍ አርሜያለሁ። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር እንደሆነ፣ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉን ያሳወረው ሞራ እንደሆነ ይላል። ነጥቧ በቦታዋ መሆኗን አረጋግጬ አለፍኩ። ያን ጊዜ አያቴን አላሰብኳትም። ገጠር ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀች የምትውለው አያቴ፣ ብሌኗ እንደ ወተት ነጭ ነበር። እኛን የልጅ ልጆቿን ራሳችንን በእጇ ዳብሳ ነበር የምትለየን፤ «ይኼ ጠጉረ ከርዳዳው ነው» እያለች። ሁላችንም እርጅና ነው አልን። እስክትሞት ድረስ እርጅና ነው አልን።

ቀዶ ሕክምናው ከ20 ደቂቃ አልበለጠም። ቀደም ብለው በመሣሪያ ዓይኔን ለክተው የሌንሱን ቁጥር መርጠዋል። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ደጋገሙልኝ፣ በዓይኔ ዙሪያ ማደንዘዣ ወጉኝ፣ ፊቴን ሸፈኑት። «አባባ፣ እንዳይንቀሳቀሱ» የሚል ድምፅ እሰማለሁ። ግፊት ይሰማኛል፣ ሕመም የለም። ብርሃን ሲቀልጥ፣ ሲፈስ፣ ከዚያ ባዶ ሲሆን አየሁ። ሌንስ የሌለው ዓይን ያን ይመስላል።

የገባልኝ ትንሽ ሰው ሠራሽ ሌንስ ታሪክ ከጦርነት የመጣ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ አብራሪዎች የአውሮፕላናቸው ግልጽ ፕላስቲክ ሲፈነዳ ስብርባሪው ዓይናቸው ውስጥ ይገባ ነበር። ሃሮልድ ሪድሊ የሚባል የዓይን ሐኪም ያ ስብርባሪ ዓይንን ሳያስቆጣ መቀመጡን አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ውስጥ ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ የተሠራ ሌንስ በሰው ዓይን ውስጥ አስገባ። የሙያ ባልደረቦቹ ለረጅም ዓመታት ተቃውመውታል። እኔ ማታ ስጸልይ የእነዚያን አብራሪዎች ዓይን አነሳለሁ። የእነሱ ጉዳት ነው ለእኔ የደረሰው።

በማግስቱ ጠዋት ነርሷ ፋሻውን ፈታችው። «ይኼ ስንት ነው አባባ?» አለች ጣቶቿን ዘርግታ። ከመቁጠሬ በፊት በአውራ ጣቷ ጥፍር ሥር ያለችውን ነጭ ጨረቃ አየሁ። ክሬም የመሰለኝ ግድግዳ ነጭ ነበር። የነርሷ ልብስ ሰማያዊ፤ ሰማያዊ እንዲህ ነበር ወይ?

ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ነበር። ስትቀርብ በአፏ ግራና ቀኝ የወረዱትን መስመሮች፣ ከሻሿ ሥር የወጣውን ነጭ ጸጉር አየሁ።

«መቼ ሸበትሽ?» አልኳት።

«ሳታየኝ ነዋ» አለች።

ማልቀስ ለዓይኔ ይጎዳ እንደሆነ ነርሷን ጠየቅኋት። አይጎዳም፣ ብቻ እንዳያሹት አለችኝ።

አራት ሳምንት ጠብታ አደረግሁ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ዓይኔን ውኃ ሳላስነካ ከረምኩ፣ ጎንበስ ማለትም ተከልክያለሁ። ለጥምቀት ግን ደረስኩ። የካህናቱ ጃንጥላ ጥልፉ፣ ሐምራዊው፣ ከጫፉ የተንጠለጠለው ዘርፍ አንድ በአንድ። ታቦቱ እስኪያልፍ እጄን ዘርግቼ ቆሜ ቀረሁ፤ ባለቤቴ ነች ጎትታ ያስቀመጠችኝ።

ትናንት እኚያ እናት ቤት ሄድኩ። ከታተመው ውስጥ ሳይታደል የቀረ ካለ እንዲያሳዩኝ አስቀድሜ ደውዬ ለምኛቸው ነበር። 37 ቅጂ በፌስታል ጠቅልለው አልጋ ሥር አኑረውታል። ረከቦቱ ተዘርግቶ፣ ዕጣኑ እየጨሰ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። በምላጭ ጫፍ የ«ጁ»ን የጎን ጭረት ቀስ ብዬ እፍቃለሁ፣ በጥቁር ብዕር ከእግሩ ሥር ቀለበቷን እሠራለሁ። ለቅርቡ አሁን መነጽር ያስፈልገኛል፤ በመነጽሩ ግን የወረቀቱን ክር ሳይቀር አየዋለሁ። እሳቸው ምንም ሳይናገሩ እያንዳንዱን እየተቀበሉ እስኪደርቅ እፍ ይሉበት ነበር።

የመጨረሻውን ስሰጣቸው ቡናው በረካ ደርሷል። ገጹን ከፍተው ጣታቸውን ቃሉ ላይ አድርገው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። «ልጄ» አሉ።