ኮስቲክ ሶዳ ከሶዳ አሽና ከኖራ፦ ጣጣው ዝቃጩ ላይ ነው

ለልብስ ሳሙና የሚሆነኝን ኮስቲክ (ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ) የማወጣው ሶዳ አሽን (ሶዲየም ካርቦኔትን) ከኖራ ጋር በማፍላት ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ዘዴ ከመስፋፋቱ በፊት ፋብሪካዎች የኖሩበት መንገድ ነው። ኬሚስትሪው ቀላል ነው፦ ሶዳው ካርቦኔቱን ለኖራው ይሰጣል፣ የማይሟሟ ነጭ ዝቃጭ ይወርዳል፣ ኮስቲኩ ውሃው ውስጥ ይቀራል። የሚያደክመው ሁለቱን መለየቱ ነው።

ለ100 ሊትር ውሃ 12 ኪሎ ሶዳ አሽ እመዝናለሁ። በስሌት 8.4 ኪሎ ውሃ ጠጥቶ ዱቄት የሆነ ኖራ ይበቃዋል። የገበያ ኖራ ግን ንጹሕ አይደለም፤ ንጽሕናው 90 በመቶ ከሆነ፣ 5 በመቶ ትርፍ ጨምሬ 9.8 ኪሎ አደርገዋለሁ። ከዚያ በላይ መጨመር ኮስቲክ አያበዛም፤ ትርፉ ኖራ አልወርድም ብሎ ማጥለሉን ያከብደዋል። ከረጢቱ ተከፍቶ የቆየ ኖራ ደግሞ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስቦ ወደ ኖራ ድንጋይነት ይመለሳል። ቆንጥሬ ኮምጣጤ አፈስበታለሁ፤ አረፋ እየደፈቀ ከፈላ አልገዛውም።

በርሜሉ ብረት መሆን አለበት። አሉሚኒየምንና ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮን ኮስቲክ ይበላቸዋል፤ ሲበላቸው የሚወጣው ሃይድሮጂን ደግሞ እሳት ይይዛል። ሶዳውን በሙቅ ውሃ አሟሟለሁ፣ ኖራውን ከዚያው ከ100 ሊትሩ በቀነስኩት ውሃ በጥብጬ ጥቂት በጥቂት እጨምራለሁ፤ ከዚያ ከ85 እስከ 90 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል አማስላለሁ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ከዚያ በላይ መግፋት ማገዶ ማባከን ነው። ሙቀቱ ካነሰ ዝቃጩ በጣም ይልማል፣ ማደር እንኳ አያጠራውም።

ብዙ ምርት ለማግኘት ሶዳውን ማወፈር ያጓጓል። አያዋጣም፤ ኮስቲኩ በበረታ ቁጥር ኖራው መሟሟት ያቅተውና ካርቦኔቱ ሳይለወጥ ይቀራል። በአብያታ ሐይቅ ዳር ውሃው በፀሐይ ሲተን የሚገኘውን ትሮናንም (ካርቦኔትና ቢካርቦኔት የተቀላቀለበትን ጥሬ ሶዳ) ሳይቃጠል አልጠቀምበትም። ቢካርቦኔቱ የራሱን ድርሻ ኖራ ይወስዳል፤ በአንድ ኪሎ ኖራ ከሶዳ አሽ 1.08 ኪሎ ኮስቲክ ሲገኝ ከትሮና 0.81 ኪሎ ብቻ ነው።

መለወጡን ጣት ላይ በማሟለጩ ወይም በሃይድሮሜትር (በፈሳሽ ክብደት መለኪያ) ማወቅ አይቻልም፤ ያልተለወጠው ሶዳም ያሟልጫል፣ ይከብዳልም። ከጠራው 10 ሚሊ ሊትር ወስጄ በ1 ኖርማል (ጥንካሬው በታወቀ) ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ እያደረግሁ እለካለሁ። አመልካች ቀለም የሆነው ፌኖልፍታሊን ቀለሙን ሲለቅ አነባለሁ፣ ሁለተኛውን አመልካች ሜቲል ኦሬንጅ ጨምሬ እስኪቀላ እቀጥላለሁ። የመጀመሪያው ንባብ 21.6፣ ጠቅላላው 22.5 ሚሊ ሊትር ከሆነ፣ የመጀመሪያውን እጥፍ አድርጌ ጠቅላላውን እቀንሳለሁ፦ 20.7። በ4 ሲባዛ በሊትር 83 ግራም ያህል ኮስቲክ ነው፤ 20.7 ለ22.5 ሲካፈል ደግሞ 92 በመቶው ተለውጧል ማለት ነው። ከ90 በታች ሲሆን መጀመሪያ የምጠረጥረው ኖራውን ነው።

ሲያድር የጠራውን ከላይ በቱቦ እስባለሁ፤ በአፍ መሳብ ፈጽሞ አይታሰብም። መነጽርና የጎማ ጓንት ግዴታ ናቸው፤ ዓይን ከነካ ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚወርድ ውሃ እየታጠቡ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። በርሜሉ ሥር የሚቀረው ዝቃጭ ደርቆ ቢመዘን 12 ኪሎ ተኩል ያህል ነው፤ እርጥቡ ግን ብዙ ኮስቲክ ይዟል። ሁለት ጊዜ በሙቅ ውሃ አጥበዋለሁ፤ እጣቢውን የሚቀጥለውን ሶዳ አሟሟበታለሁ። ይህን የማያደርግ ሰው ትርፉን ከአተላው ጋር ይደፋል።

የወጣውን ኮስቲክ አፍልቼ አላወፍረውም፤ ለሚፈላ ሳሙና እንዲሁ ይሆናል። አንድ ኪሎ ሞራ 140 ግራም ገደማ ኮስቲክ ስለሚፈልግ ከዚህ 1.7 ሊትር ይበቃዋል፤ ትርፉ ውሃ በመጨረሻ በጨው ሲለይ ከሥር ይወጣል። ሳይጠቀሙበት የሚቆይ ከሆነ ከቀዘቀዘ በኋላ በወፍራም ፕላስቲክ ጀሪካን እስከ አፉ ሞልቶ መክደን ነው፤ አየር ካገኘ ተመልሶ ሶዳ ይሆናል።